ለጊዜው

ባሕር በአካል አይቼ አላውቅም፤ ያየሁት ትልቁ ውኃ ጣና ነው። እንዲያም ሆኖ መካኒካል ምሕንድስና ስማር ከመኪናም ከአውሮፕላንም ይልቅ ልቤን የወሰደው መርከብ ነበር። አሁን እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ነው። የመርከብ ንድፍ ማየቱን ግን አልተውኩትም፤ ሰው ማታ ኳስ እንደሚያየው እኔ መርከብ አያለሁ። ደጋግሜ የማየው ደግሞ አንዷን ነው፦ ኩዊን ሜሪ 2ን።

የነደፋት ስቲቨን ፔይን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ልጅ ሳለ ብሉ ፒተር የተባለው የቢቢሲ የልጆች ፕሮግራም እንደ ድሮዎቹ ያለ መርከብ ከእንግዲህ አይሠራም ማለቱ አናደደውና ደብዳቤ ጻፈ፦ ይሠራል፣ የምነድፈውም እኔ ነኝ። ባይሳካልህ እንዳትከፋ የሚል መልስ መጣለት። ተሳካለት።

ክሩዝ የምንለው መርከብ ፀሐይ እየተከተለ ከወደብ ወደብ የሚንሸራሸር ሆቴል ነው፤ ማዕበል ከመጣ አቅጣጫ ይቀይራል። ላይነር ግን እንደ አገር አቋራጭ አውቶብስ ነው፤ መስመርና ሰዓት አለው፣ ክረምት ከበጋ ሰሜን አትላንቲክን ማቋረጥ አለበት። ኩዊን ሜሪ 2 የክሩዙን ምቾትና የላይነሩን ጉልበት አንድ ላይ እንድትይዝ ነው የታሰበችው። ርዝመቷ 345 ሜትር ነው፤ ሦስት የኳስ ሜዳ በቁመት ብትደረድሩ አይደርስባትም።

ንድፏ ላይ ያለ ምክንያት የተቀመጠ ነገር የለም። ውኃ ውስጥ ያለውን አካሏን በልኩ በተሠራ ሳጥን ውስጥ ብትከቱት የሳጥኑን 0.61 ብቻ ነው የሚሞላው። ለነጋዴ ይሄ ኪሳራ ነው፤ ሳጥን የሚመስል መርከብ ብዙ የሚከራይ ክፍል ይይዛል። ማዕበል ሰንጥቆ በፍጥነት የሚሄደው ግን የሾጠጠው ነው። አራት ናፍጣ ሞተሮቿ ከታች ናቸው፤ ሁለቱ ጋዝ ተርባይኖች አየር በብዛት ስለሚፈልጉ ላይ ከጭስ ማውጫው ሥር ተቀመጡ። ጭስ ማውጫው ራሱ አጠር ያለው ኒውዮርክ ስትገባ በቬራዛኖ ድልድይ ሥር ማለፍ ስላለባት ነው። የነፍስ አድን ጀልባዎቿ ማዕበሉ እንዳይደርስባቸው ደንቡ ከሚለው ከፍታ በላይ ተሰቅለዋል፤ ለዚህም የተለየ ፈቃድ ማውጣት አስፈልጓል። ከፊት ለፊቷ ቅርጻ ቅርጽ የሚመስሉ ስምንት ነገሮች ተተክለዋል። መለዋወጫ የፕሮፔለር ምላጮች ናቸው፤ አንዱ ቢሰበር ተፈትቶ ሌላው ይታሰራል።

የተሠራችው ፈረንሳይ፣ ሳን ናዜር በሚገኘው ሻንቲዬ ደ ላትላንቲክ ነው። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2002 ተጀመረ። ወደ 300,000 የሚጠጉ የብረት ቁርጥራጮች መጀመሪያ 94 ትልልቅ ብሎኮች ሆኑ፤ ከዚያ ብሎኮቹ አንዱ ባንዱ ላይ እየተጫኑ ተበየዱ። በ2003 መጨረሻ ላይ ባሕር ላይ ሁለት ጊዜ ተፈትና አልፋ ወደ ግቢው ተመለሰች።

ኖቬምበር 15 ቀን 2003 ቅዳሜ ነበር። የሠራተኞቹ ቤተሰቦች መጥተው መርከቧን እንዲጎበኙ ተጋብዘዋል። አባት ለልጁ፣ ባል ለሚስቱ ይቺን እኔ ነኝ የሠራኋት ሊል። ከመሬት ወደ መርከቧ የሚያሻግረው ድልድይ ከአንድ ቀን በፊት የተተከለ ጊዜያዊ ነገር ነበር። ሰዎቹ እላዩ ላይ እንዳሉ ተደረመሰ፤ ከ10 ሜትር በላይ ቁልቁል መርከቧ ወደቆመችበት ጉድጓድ ወደቁ። 16 ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ቆሰሉ። በ2008 ፍርድ ቤት ሁለት ድርጅቶችን ጥፋተኛ ብሏል።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። ለአትላንቲክ ማዕበል ያ ሁሉ ተሰላ፤ የገደለው ግን መርከቧ ላይ ያለ ነገር አልነበረም። ንድፏን ብታገላብጡት ያን ድልድይ አታገኙትም። ለጊዜው የቆመ ነበራ።

አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ሲሠራ ተመልከቱ። ኮለኑ ውስጥ ስንት ብረት እንደሚገባ መሐንዲስ አስልቶ ፈርሞበታል። ሠራተኛው ከጠዋት እስከ ማታ የሚቆምበትን የአጠና መወጣጫስ ማን አሰላው? ሕንፃው ሲያልቅ ይፈርሳል ተብሎ ይታለፋል። እስኪፈርስ ድረስ ግን ሰው እላዩ ላይ ነው።

አብሮኝ የተማረ ጓደኛ አለኝ፤ ባሕር ዳር የማሪታይም ሥልጠና ወስዶ አሁን የጭነት መርከብ ላይ መሐንዲስ ነው። ወደብ ሲደርስ ኔትወርክ ያገኝና በቴሌግራም ድምፅ ይልክልኛል። አንዴ ስለዚህ አደጋ ስነግረው ትንሽ ዝም ብሎ፣ «እማዬ የምትሳለው ማዕበል እንዳያገኘኝ ነው» አለኝ። «እኔ የምፈራው መሰላሉን ነው።»

መርከቧ ግን በወሩ ለባለቤቷ ተሰጠች። ጃንዋሪ 2004 ላይ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት ስሟን አወጡላት፣ በዚያው ወር የመጀመሪያ ጉዞዋን ጀመረች። ይኸው እስከ ዛሬ ከሳውዛምፕተን ኒውዮርክ ትመላለሳለች፤ ከ2,600 በላይ መንገደኛና ከ1,200 የማያንስ ሠራተኛ ይዛ። ውሻ ይዞ ለሚሄድ እንኳ ማደሪያ አላት፤ ለእንግሊዙ ውሻ የመብራት ምሰሶ፣ ለአሜሪካው የእሳት አደጋ ውኃ መቅጃ ቆሞለታል። ይህንን ሳነብ ስቄያለሁ። ቀጥሎ ደግሞ ያ ድልድይ ትዝ ይለኛል። ለውሻ ሽንት ይህን ያህል ከታሰበ፣ አለማሰብ የችሎታ ማነስ አይደለም። የት እናስብ የሚለው ምርጫ ነው።

ኮድ ሰውን ከፎቅ አይጥልም ትሉኝ ይሆናል። ከዚህ በፊት በሠራሁበት አንድ ቦታ «ቴምፕ» የሚል ስም ያለው ፋይል ነበር። የተጻፈው እኔ ከመቀጠሬ ሦስት ዓመት በፊት ነው። ደንበኛ ገንዘብ ሲልክ በሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ለዋናው ሲስተም ፈተና አለ፣ ሰነድ አለ፣ ኃላፊ አለ። ለሱ ምንም የለም፤ ምክንያቱም ሊጠፋ ነው። ገንዘቡ መንገድ ላይ ሲቀር ግን ፋርማሲ በር ላይ ስልኳን ይዛ የምትቆም እናት አለች።

እንዲቀየር ጥያቄ አቀረብኩ። እላዩ ላይ ማን እንደቆመ ጻፍኩ፣ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን ጻፍኩ። ስብሰባ ላይ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። «ልክ ነህ» አሉኝ፣ «ለጊዜው ግን እንዳለ ይቆይ።»