ተራራ ጫፍ ላይ የሚጠብቀው ዝንብ

ዝንብ ፍለጋ ተራራ የሚወጣ ሰው አለ ሲባል ብዙዎች ይስቃሉ። ዝንብ ሳይጠሩት ቤት ድረስ የሚመጣ ነዋ! ያ ግን የቤቱ ዝንብ ነው። ሜዳ ላይ ዕድሜ ልክ ቢፈለጉ የማይገኙም አሉ።

አንዳንዶቹ በትልነታቸው አጋዘን አፍንጫ ውስጥ ወይም አይጥ ቆዳ ሥር ያድጋሉ። በግ ሲያስነጥሰው እረኛ የሚጠረጥረው የአፍንጫ ትል ዘመዳቸው ነው። ክንፍ ካወጡ በኋላ ምግብ አይበሉም፤ የቀራቸው ዕድሜም በቀናት የሚቆጠር ነው። በዚያች አጭር ጊዜ፣ ጫካ ሙሉ ተበትነው፣ ወንድና ሴት የት ይገናኙ? ተራራው ጫፍ ላይ። ወንዶቹ ወደ ላይ ይበራሉ፣ አንዲት ቋጥኝ ወይም ቁጥቋጦ ይይዛሉ፣ በአጠገባቸው የሚያልፈውን ሁሉ ያሳድዳሉ። ሴቷ መጥታ ትገናኝና ትወርዳለች። የሚገርመው የዘንድሮው ዝንብ አምና አልነበረም፤ መንገድ ያሳየውም የለም፤ ግን ያንኑ ጫፍ ይይዛል።

ስለዚህ ሰብሳቢው መረቡን ይዞ፣ ፀሐይ የወጣበትን ቀን መርጦ፣ ጫፉ ላይ ቁጭ ይላል። ደመና ከመጣ ባዶ እጁን ይወርዳል።

የኢትዮጵያ ተራሮችም እንዲህ ያለ ሰው አይተዋል። እንግሊዛዊው የነፍሳት ተመራማሪ ሂው ስኮት እ.ኤ.አ. በ1926 ዝቋላና ጭላሎ ላይ ዝንቡንም ጥንዚዛውንም ሰብስቧል፤ በ1952 ደግሞ ሰሜን ተራሮችን ሊያስስ ተመልሶ መጥቷል። ስብስቡ ለንደን ሙዚየም ነው። እንዲህ ሲባል «ዘረፉን» የሚል አይጠፋም። ለዝንብ ግን ይህ ወቀሳ ብዙም አያስኬድም። እያንዳንዷ ነፍሳት በተሰካችበት መርፌ ላይ ቦታው፣ ከፍታውና ቀኑ የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት አለች፤ የዚያን ዘመን ጭላሎ የምትመሰክረው እሷ ናት። ይልቅ የሚያስቆጨው ከስኮት በኋላ በዚያው መንገድ መረብ ይዞ የወጣው ሰው ማነሱ ነው። ሙቀት ሲጨምር የደጋ ነፍሳት ወደ ላይ ይሸሻሉ፤ ከጫፉ በላይ ደግሞ መሸሻ የለም። የትኛው እንደተረፈ፣ የትኛው እንደጠፋ ለማወቅ የድሮዋ ወረቀት ብቻዋን አትበቃም፤ ከጎኗ የዘንድሮ ቀን የተጻፈባት ሌላ ወረቀት ትፈልጋለች።

ሰላም ባለበት ዓመት ጥቅምት 5 ዝቋላን ብዙ ሺህ ምዕመን ይወጣዋል። መረብ የያዘ አንድ ተማሪ ቢጨመር መንገዱ አይጠብም።