የግንበኛው ስም

ውሸት ብቻዋን አትቆምም፤ የእውነት ምርኩዝ ትሻለች። የስዊስ ተወላጁ ኤሪክ ፎን ዴኒከን በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የጥንቱን ሰው ድንቅ ሥራ ከከዋክብት ለመጡ እንግዶች ሰጥቶ ብዙ አንባቢ አሳመነ።

ይህን በጎንደር አስተምራቸው ለነበሩ ልጆች ነግሬ፣ «እናንተም ስለ ፋሲል ግንብ እንዲህ ያለ ውሸት ፍጠሩ» አልኋቸው። አንዱ አራቱን ክብ ማማዎች የሰማይ መርከብ ማረፊያ አደረጋቸው። ማማው እውነት ስለ ሆነ መርከቡም እውነት መሰለ። እኔም «ኖራውንስ ማን አቦካው?» ብዬ ጠየቅሁ፤ ሁሉም ዝም አለ።

በጎንደር ነገሥታት ዘመን በግንብ ሥራ ከደከሙት መካከል ቤተ እስራኤል ነበሩ። ጠቢቡን በሕይወቱ ቡዳ ብለን ናቅነው፤ ከሞተ በኋላ ደግሞ ሥራውን ለሰማይ እንግዳ ልንሰጥበት ነውን?

ወዳጄ ሆይ፤ የሠራተኛን ደመወዝ መንጠቅ ኃጢአት ከሆነ ስሙን መንጠቅም እንዲሁ ነው።