የአባቴ ጓዳ

በቤታችን ውስጥ የእጅ ሥራ የሚሠራበት አንድ ክፍል ለማሰናዳት ስነሳ ጉዳዩ የሁለት ቀን መስሎኝ ነበር። ቅዳሜ ግድግዳውን ኖራ እቀባለሁ፤ እሑድ መደርደሪያ አስመታለሁ፤ ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ክርና መርፌዬን ይዤ እገባለሁ ብዬ አሰብኩ። ሥራው ግን ሰባት ወር ፈጀ።

ክፍሉ አባቴ ይሰፉበት የነበረው ጓዳ ነው። አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በደሴ ከተማ ከሠላሳ ዓመት በላይ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አቅም በነበራቸው ጊዜ ሲንጀራቸውን በአንድ ጨርቅ መሸጫ በረንዳ ላይ ዘርግተው ይሠሩ ነበር፤ ጉልበታቸው ሲደክም መኪናዋን ወደ ቤት አምጥተው በጓዳው መስኮት ሥር አስቀመጧት። በ2015 ዓ.ም. ወደ አኺራ ሲሄዱ ጓዳው ተቆለፈ። እናቴ ቁልፉን በመቀነታቸው ቋጥረው ያዙት፤ አራት ወር ከአሥር ቀን የሆነው ዒዳቸው ካለፈ በኋላም ለማንም አልሰጡም።

እኔ ደግሞ ቦታ ያስፈልገኝ ነበር። የሰላት ኮፍያ በኪሮሽ እሠራለሁ፤ የትራስ ልብስ እጠልፋለሁ፤ ከመድረሳ የሚመለሱ የሰፈራችን ልጃገረዶችም እየመጡ ይማራሉ። ክሩ ከአልጋ ሥር፣ ጨርቁ በጆንያ፣ መቀሱ ከማድ ቤት ዕቃ ጋር ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሁሉንም ጠርጌ ወደ ጆንያው እከታለሁ። አንድ ቀን ልጄ ፍራሹ ላይ ሲንከባለል መርፌ ጉልበቱ ላይ ተሰካ። ደግነቱ ሙሉውን አወጣነው፤ አልሐምዱሊላህ። በዚያው ማታ ከእናቴ እግር ሥር ተቀምጬ ቁልፉን ለመንኳቸው። ብዙ አልተናገሩም። ቋጠሮውን ፈትተው ሰጡኝና ወደ ሰላታቸው ዞሩ።

በሩን ስከፍት መጀመሪያ የተቀበለኝ የመኪና ዘይት ሽታ ነው። አባቴ የገቡ መሰለኝ። ቀጥሎ ያየሁት ግን ሥራዬን ሁሉ ያስቆመው ነገር ነው፤ በግድግዳው ጥግ በጨርቅ ብጣሽ የታሰሩ አሥራ አንድ ጥቅሎች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ላይ በአባቴ እጅ የተጻፈ ወረቀት በስፒል ተያይዟል፤ ስም፣ ቁመት፣ ደረት፣ እጅጌ፣ የተከፈለ ቀብድ። ከፊሉ ተሰፍቶ ያለቀ፣ ከፊሉ ተቆርጦ የቀረ፣ ከፊሉም ገና መቀስ ያልነካው ጨርቅ ነበር። የአብዛኞቹ ቀን መስከረምና ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ይላል። ያን ጊዜ ጦርነቱ ወደ ከተማችን ሲደርስ ብዙ ሕዝብ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ሸሽቷል። የተመለሰ ተመለሰ፤ ያልተመለሰም አለ። አባቴ ጨርቁን ጠብቀው ሲጠብቁ ሞታቸው ቀደመ።

እውነቱን ልናገርና፣ በዚያች ቅጽበት ልቤ ያለው ሌላ ነገር ነበር። ባለ ቡኒው ጥቅል ለመጋረጃ እንደሚበቃ በዓይኔ ለካሁት። ሦስት ዓመት ያለፈውን ማን ይጠይቀዋል አልኩ። ለተማሪዎቼ ስለ አማና ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ! አላህ በሱረቱ አን-ኒሳእ አደራን ለባለቤቱ እንድንመልስ ማዘዙን በቃሌ የያዝኩት ገና በአሥር ዓመቴ መድረሳ ሳለሁ ነው። እጄ ግን የጥቅሉን ቋጠሮ እየፈታ ነበር። ያስቆመኝ ወረቀቱን ሳነሳ ከቁመቱ ሥር ያየሁት ጽሑፍ ነው፤ «ሙሉ ተከፍሏል» ይላል።

ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ወደ እናቴ አቀረብኩ፤ ቤተሰቡም ተሰበሰበ። የጠየቅናቸው ሸይኽ ነገሩን በቅደም ተከተል አስረዱን። መጀመሪያ የሟች ዕዳና በእጁ ያለ የሰው ንብረት ይለያል፤ ውርስ የሚከፈለው ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቱን መፈለግ ግዴታችን ነው። ፈልገን ፈልገን ተስፋ ከቆረጥን ዋጋውን አስገምተን በባለቤቱ ስም ሰደቃ ልንሰጠው እንችላለን፤ ባለቤቱ በኋላ መጥቶ ካልተስማማ ግን ከኪሳችን እንከፍለዋለን። ይህ መጨረሻው ለታናሽ ወንድሜ አልጣመውም ነበር።

እርሱ ከመጀመሪያውም ዓይኑ ያለው መኪናዋ ላይ ነው። ባጃጁ ተበላሽታ ቆማበት ስለነበር ሲንጀሯ ተሽጣ ድርሻው እንዲሰጠው ፈለገ። እኔ ደግሞ ጓዳውን ያጸዳሁ፣ መስፋትም የምችል እኔ ስለሆንኩ መኪናዋ በራሷ ጊዜ የእኔ የሆነች ይመስለኝ ነበር። ቤቱ እናቴ ከአባታቸው የወረሱት ስለሆነ አልተነካም፤ መኪናዋ ግን የአባቴ ናት። በበረንዳ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ሰፊ መጥተው ፔዳሏን ረገጡ፤ መዘውሯን አዞሩ፤ 12,000 ብር ገመቷት። የአባቴ ወላጆች ቀድመዋቸው ስለሞቱ ወራሾቹ እናቴ፣ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ነን። የእናቴ አንድ ስምንተኛ 1,500 ብር ሆነ። የቀረው 10,500 ለስድስት ተከፍሎ ለእኔና ለእህቴ 1,750፣ ለወንድሞቼ 3,500 ደረሳቸው። ሒሳቡን በጥቁር ሰሌዳ እንደማስተምረው በወረቀት ሠርቼ ሳሳያቸው ወንድሜ ሳቀ። የሁሉንም ድርሻ በአራት ወር ከደመወዜ ከፈልኩ፤ እናቴ ግን የእርሳቸውን በስጦታ ተዉልኝ። ወንድሜ ዋጋው አንሷል ብሎ እስከ ዛሬ ያጉረመርማል።

መኪናዋ በሐቅ የእኔ ከሆነች በኋላ ተቆርጠው የቀሩትን ልብሶች ራሴ ሰፋሁ። የአባቴን ያህል አልሆነልኝም፤ የአንዱን ጀለቢያ አንገት ሦስት ጊዜ ፈታሁት። ባለቤቶቹን በመስጊድ፣ በጨርቅ ተራና በስልክ እየጠየቅን ዘጠኙን አገኘን። አንዲት እናት የልጃቸውን የሠርግ ቀሚስ ሲቀበሉ ልጅቱ በተውሶ ልብስ መዳሯን ነገሩኝ። ቀብዱን ልመልስላቸው ብል እምቢ አሉ። ቀሚሱን አጣጥፈው ለልጅ ልጃቸው አሉና ሄዱ።

ከዚህ በኋላ የቀረው እንዳልኩት የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ለሚፈልግ ልናገር። መኪናዋን ከመስኮቱ ሥር አላነሳኋትም፤ አባቴ ብርሃኑ በግራ በኩል መርፌው ላይ እንዲያርፍ አድርገው ነበር ያስቀመጧት፤ እኔ ግን ይህን የተረዳሁት ለማዞር ሞክሬ ስፌቱ ላይ የራሴ ጥላ ሲወድቅ ነው። መደርደሪያው ሦስት ሳንቃ ነው፤ ከታች ከባዱ ጨርቅ፣ ከመካከል በየቀኑ የሚነሳው፣ ከላይ ልጅ የማይነካው መርፌና መቀስ። ክሮቹን ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ በየቀለማቸው ከተትኳቸው፤ አቧራ አይነካቸውም፤ ያለቀውም ከሩቅ ይታያል። የጨርቁ መቀስ ወረቀት አይቆርጥም፤ ስለቱ ይሞታልና። ለዚህ ቀይ ክር አሰርኩበት፤ ልጆቹም ያውቁታል። የሱፍ ክር ብል ስለሚበላው በተዘጋ ቆርቆሮ ይቀመጣል። መርፌ እየተቆጠረ ወጥቶ እየተቆጠረ ይገባል፤ የወደቀውን በማግኔት እንፈልጋለን።

በማስጌጡ ጉዳይ ጥቂት ተከራከርን። እህቴ ልጅ ሳለች የጠለፈችውን የሁለት ጣዎስ ምስል አምጥታ ከመኪናዋ ትይዩ ልትሰቅለው ፈለገች። እናቴ ነፍስ ያለው ምስል አይሰቀልም አሉ፤ እህቴም ከፋት፤ የወራት ልፋቷ ነውና። ያን ጊዜ የእናታችንን የዓኢሻን (ረ.ዐ.) ታሪክ አስታወስኩ። ምስል ያለበት መጋረጃ ሰቅለው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስላልወደዱት ዓኢሻ ቀድደው መደገፊያ ትራስ እንዳደረጉት በሐዲስ ተዘግቧል። ሊቃውንት በዝርዝሩ ላይ የተለያየ አስተያየት ቢኖራቸውም ለእኛ መንገዱ ከፈተልን። ጣዎሶቹ የመኪናዋ በርጩማ ላይ መቀመጫ ሆኑ፤ እህቴ ራሷ ሰፋቻቸው። በግድግዳው ላይ የሰቀልነው ልጃገረዶቹ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የገጣጠሙትን ባለ ስምንት ማዕዘን ኮከብ ነው። ከእነርሱ አንዷ የነቢዩ ባለቤት ዘይነብ ቢንት ጃሕሽ (ረ.ዐ.) ቆዳ እየፋቁና እየሰፉ ሰደቃ ይሰጡ እንደነበር ከነገርኳት ወዲህ ከሸጠችው ኮፍያ ሁሉ ጥቂት ሳንቲም በአንዱ ጠርሙስ ትጥላለች። ከክሮቹ አጠገብ ነው የተቀመጠው።

ሁለት ጥቅሎች ቀርተዋል። አንዱ ያ ቡኒው ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ስልክ አይሠራም፤ የስሙን ባለቤት የሚያውቅ አላገኘንም። በላይኛው ሳንቃ ብቻውን ተቀምጧል። እናቴ በየሐሙሱ ያወርዱትና ፀሐይ አስመትተው፣ እጥፉን ቀይረው፣ መልሰው ያስቀምጡታል። ዱንያው ሰፊ ነው፤ ሰውየው በሕይወት ይኑር እስቲ እንጠይቅ ይላሉ። ወረቀቱ እንዳይነበብ ሆኖ ሊደበዝዝ ስለጀመረ ባለፈው ሳምንት ስሙንና ልኩን በአዲስ ወረቀት ገለበጥኩት፤ የአባቴን ጽሑፍ ግን ከሥሩ ተውኩት።