ማሂ ብለን ለመጥራት ማን ብለን እናስመዝግብ?

አሁን አሁን ከቦሌ እስከ አያት ባለው ሰፈር ሴት ልጅ ስትወለድ ከመዝገብ ስሟ በፊት የቁልምጫ ስሟ ይወጣል። ወላጆቿ ቤቲ፣ ሶሊ፣ ሂዊ ወይም ናርዲ ሊሏት ቆርጠዋል፤ የቀራቸው ከእሱ ጋር የሚሄድ ሙሉ ስም መፈለግ ነው። ታናሽ እህቴም እንደዚያው ናት። ገና ሳታረግዝ «ሴት ከሆነች ማሂ ነው የምላት» ትል ነበር፤ ልጅቷ ጥቅምት ላይ መጣችልን። ማሂነቷ ያለቀለት ነገር ነው። ማህሌት ትሁን፣ ማህደር ትሁን፣ ወይስ አማቷ እንደሚመኙት ማርያማዊት? ሰሚትና ገርጂ ያለው ዘመዳችን ሁሉ በዚህ እየተከራከረ ነው።

«ለምን ማሂ ብላ አታስመዘግባትም? አጭር ነው፣ ነገ ውጭ ብትወጣም ለፈረንጅ አይከብድም» የሚሉም አሉ። ለልጅቷ አስበው እንደሚሉት አውቃለሁ፤ ግን አልስማማም። ፈረንጅ አገር ልጅ በቁልምጫ ስሟ ብትመዘገብ፣ ስታድግ በማዕረግ የምትጠራበት የቤተሰብ ስም አላት። እኛ ጋ ማዕረግ የሚቀጠለው በራስ ስም ላይ ነው። ዶክተር፣ ወይዘሮ፣ ዳኛ ብለን የምናስከትለው የአባቷን ስም ሳይሆን ለእሷ የወጣላትን ስም ነው። ስታገባም አንቀይረውም። የእድር ሰብሳቢ ብትሆን፣ ፍርድ ቤት ብትቆም፣ ስልሳ ዓመት ሞልቷት ጡረታ ብትወጣ የምትጠራው በዚያው ነው። ለጨቅላ የሚመች ስም ያን ሁሉ ዕድሜ መሸከም አለበት።

ሌላም አንጀቴን የሚበላ ነገር አለ። የወንድ ልጅ ስም በልጆቹ ይቀጥላል፤ የልጅ ልጆቹ ሳይቀሩ ቅጽ ሲሞሉ «የአያት ስም» ላይ ይጽፉታል። የሴት ልጅ ስም ግን በልጆቿ ስም ላይ አይከተልም። እሷ በሕይወት ሳለች ካልተጠራችበት ሌላ የሚኖርበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ለሴት ልጅ ቆንጆ፣ ሙሉ፣ አፍ ሞልቶ የሚጠራ ስም ይውጣላት እላለሁ። ቁልምጫው የትም አይሄድባትም።

ጂጂን አስቡ። የቻግኒዋ እጅጋየሁ ሽባባው ዓለም ያወቃት በጂጂ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው አልበሟም የተሰየመው በዚሁ ስም ነው። ሙሉ ስሟ ግን አልተዋጠም፤ አድናቂዎቿ ከልባቸው ሲያወድሷት እጅጋየሁ ይሏታል። ቤቲ ጂም በመዝገብ ብሩክታዊት ጌታሁን ናት። ብሩክታዊት የምትባል ልጅ ብሩክቲ ትባላለች ብለን እንጠብቅ ይሆናል፤ እሷ ግን ቤቲ ሆና ቤቲነቷን አገር ተቀበለው። ለእህቴ ደጋግሜ የነገርኳትም ይህንኑ ነው፦ ቁልምጫ የግድ ከስሙ መጀመሪያ ተቆርጦ መውጣት የለበትም። ማርያማዊት ብትላትም ማሂ ልትላት የሚከለክላት የለም።

የድሮ ቁልምጫ የሚወጣው ከስሙ ግማሽ ነበር። የሺእመቤት የሺ፣ ጽጌረዳ ጽጌ፣ ሙሉእመቤት ሙሉ፣ ወርቅነሽ ወርቄ። የእኛ ዘመን ደግሞ መጨረሻውን ማሾል ይወዳል፦ ቤተልሔም ቤቲ፣ ትዕግሥት ቲጂ፣ ዮርዳኖስ ዮርዲ፣ ሶስና ሶሲ። ከስሙ ጋር ምንም ዝምድና የሌላቸው ሚሚና ሚጣ፣ ኪኪና ማሚቱም አሉ። ገርጂ ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ናቸው፤ በሰባተኛው ቀን አቂቃ አውጥተው ሐያት ያሏትን ልጅ ብዙም ሳይቆዩ ሐዩ እያሉ ሲያባብሏት ሰምቻለሁ። ቦንቱ የሚለውን ስም ደግሞ ማንም አያሳጥረውም፤ ስሙ ራሱ ለጥሪ የተመቸ ነው።

ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ እህቴ ብሎክ ሥር፣ ከሰዓት በኋላ ብትቆሙ የምለው ይገባችኋል። ልጆች ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ አስምረው ይዘላሉ። አንዲት እናት ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ፣ እርጥብ ልብስ በእጇ እንደያዘች «ማሂ!» ብላ ትጣራለች። ሁለት ልጆች ቀና ይላሉ። አንዷ የእሷ ናት፤ ሌላዋ ከጎን ብሎክ ናት፣ በአንድ እግሯ እንደቆመች ትጠብቃለች። እናትየዋ ይህን ስታይ «ማህደር! አንቺን እኮ ነው!» ትላለች፤ ሁለተኛዋም ድንጋይዋን አንስታ መዝለሏን ትቀጥላለች።

እናቶቹስ? ባለሱቁም ጥበቃውም እቁብ ሰብሳቢዋም የሚያውቋቸው «የማሂ እናት» ብለው ነው። እህቴ የልጇን ቁልምጫ ስትመርጥ ራሷም በዚያ ሰፈር ለዓመታት የምትጠራበትን ስም እየመረጠች ነው። ለዚህ ነው ማሂ በሚለው ላይ ማንም እንዳይጫናት የምፈልገው። ማሂ የእሷ ነው፤ ስትጠራው አፏ ላይ ይጣፍጣል።

ሙሉው ስም ግን ቤት ውስጥ ሳይነሳ እንዳይከርም። ቁልምጫ ብቻ እየሰሙ ያደጉ ልጆች ኬጂ የገቡ ዕለት መምህሯ ስም ስትጠራ ዝም የሚሉት ሌላ ልጅ የተጠራች መስሏቸው ነው። አልፎ አልፎ፣ በተለይ ስትመሰገን፣ በሙሉ ስሟ ትጠራ። ሙሉ ስሙ ለቁጣ ብቻ የሚወጣበት ቤት አለ፤ ልጅቷ ስሟን በሰማች ቁጥር ትሸማቀቃለች።

ቀኑም እየሄደ ነው። በ2004 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 760 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የሴት ልጅ ክርስትና ደግሞ በ80 ቀን ነው፤ መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ የሚለውን ይዘን የመጣነው ሥርዓት ነው። ክርስትናዋን ጠብቆ ስም ለሚያወጣ ሰው የሚተርፈው አሥር ቀን ብቻ ነው። የእኛዋ ክርስትና ጥር ላይ ቦሌ መድኃኔዓለም ነው። እዚያ ካህኑ የሚሰጧት ሦስተኛ ስም አለ፤ ጣይቱን ወለተ ሚካኤል፣ እቴጌ መነንን ወለተ ጊዮርጊስ ያሰኘው ዓይነት። የማርያም ስም በዚያ በኩል ሊመጣላት ስለሚችል የእህቴ አማት ምኞታቸው እንዳይቀር ካህኑን ቀድሞ ማናገር ነው። እሳቸውን አስከፍቶ የሚወጣ ስም ደስ አይለኝም፤ ስም እናወጣለን ተብሎ ሲቀየሙ የቀሩ አያቶች አውቃለሁ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ማህሌት ትሁን። የተወለደችው በወርኃ ጽጌ ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ጊዜ፣ የአባ ጽጌ ድንግል ማኅሌተ ጽጌ ሌሊቱን ሙሉ በሚቆምበት ወቅት። እናቴ እነዚያን ሌሊቶች አንድም አታጓድልም፤ ልጅቷን በዚያ ስም ስትጠራት የምትጠራው የራሷን በዓል ጭምር ነው። ማህደርም ቆንጆ ስም ነው፣ አልጠላውም። ብሎኩ ሥር ግን አንዲት ማህደር አለች፤ ማሂ ሲባል ሁለቱም ቀና ቢሉም ቢያንስ ሙሉ ስማቸው ይለያቸው።

ይህን እያነበብሽ ከሆነ፣ እህቴ፣ ወረዳ ከመሄድሽ በፊት ፊደሉን ወስኚ። የቤተ ክርስቲያኑ አጻጻፍ በኅ ነው፣ አብዛኛው ሰው የሚጽፈው በህ ነው፤ የትኛውንም ብትይዢ የክትባት ካርዱም የልደት ምስክር ወረቀቱም አንድ ይሁን። በእንግሊዝኛ ፊደልም አንዱ ከህ ቀጥሎ «ኢ» ይጨምራል፣ ሌላው ይተወዋል፤ ፓስፖርት ሲወጣ በአንዲት ፊደል ልዩነት ስንት ሰው ተመላልሷል። ሁለቱንም በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፣ ጸሐፊዋ በጆሮዋ ሰምታ እንዳትጽፈው። ከመፈረምሽ በፊትም ቁጭ ብለሽ አንብቢው።