ቦዩ ሲነሣ

መቼም ዳማና ገበጣ የማያውቅ እጩ መምህር በመካከላችን አይገኝም። «ብራስ» የተባለውን የሰሌዳ ጨዋታ ከቀመስን ወዲህ ግን ዳማው አቧራ ለብሷል። ያዘጋጀው ማርቲን ዋላስ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን የታተመው በ2007 ነው (የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑ ይታወቅልን)። ሰሌዳው ከ1770 እስከ 1870 የነበረውን የእንግሊዝ አገር ላንክሻየርን ያሳያል።

ተጫዋቹ ባለሀብት ነው፤ የጥጥ ፋብሪካ ይተክላል፣ ከሰል ያስቆፍራል፣ ወደብ ይሠራል፣ ሲቸግረው ይበደራል። እስከዚህ ድረስ «የሀብታም ጨዋታ» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እኛን የያዘን የከሰሉ ነገር ነው። ከሰል ያለ መንገድ ዋጋ የለውም፤ ከማዕድኑ እስከሚፈለግበት ከተማ ቦይ ወይም ሐዲድ መዘርጋት አለበት። የቅርቡ ማዕድን የተቀናቃኝ ከሆነም ከዚያው ይወሰዳል፣ ያውም በነፃ! ታዲያ ባለማዕድኑ የተዘረፈ ይመስላል እንጂ ክምችቱ ሲያልቅ ገቢው ከፍ የሚልለት እሱው ነው። «እንዴ፣ ለካ እሱን ስጠቅም ነው የዋልኩት!» የማይል ጀማሪ የለም። ኢንዱስትሪ በኢንዱስትሪ ላይ እንዴት እንደሚቆም ይህን ያህል ጥርት አድርጎ ያሳየን ማስታወሻ ደብተር አላጋጠመንም።

1830 ሲደርስ ቦዮቹ በሙሉ ከሰሌዳው ይነሣሉ። የሊቨርፑልና የማንቸስተር የባቡር መሥመር የተከፈተው በዚያው ዓመት ነው። እርግጥ ቦዮቹ በአንድ ሌሊት አልደረቁም፣ ከባቡሩ ጋር እየተፎካከሩ ብዙ ዘመን ሠርተዋል። ቢሆንም የደከሙበት ነገር ከፊት ሲነሣ ማየት፣ ኧረ ሆድ ያባባል!

ጨዋታውን ለማስተማር ልምምድ እንውሰደው ሲባል ግን ክርክር ተነሣ። አንዲት ጓደኛችን «ሠራተኞቹስ የት አሉ?» አለች። እውነቷን ነው፤ በሰሌዳው ላይ የሠራተኛ ምልክት የለም። ጥጡን በአሜሪካ እርሻዎች የሚለቅሙት ባሮችም የሉም። ከ9 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በጥጥ ፋብሪካ እንዳይሠሩ የከለከለው፣ ከ9 እስከ 13 ላሉትም በቀን 2 ሰዓት ትምህርት ያዘዘው የ1833ቱ ሕግም አልተነሣም። ተማሪ የባለቤቱን ሒሳብ ብቻ ተምሮ ይውጣ? ግማሾቻችን «ይቅር» አልን፣ ግማሾቻችን «የጎደለውን መምህሩ ይሙላ» አልን።

በመጨረሻ ልጅቷ አንድ ደንብ አቀረበች፤ ከ1833 በኋላ ባለፋብሪካ ሁሉ በየዙሩ ለእያንዳንዱ ፋብሪካ 1 ፓውንድ ለትምህርት ይክፈል። ተስማማን። ባለፈው ቅዳሜ ታዲያ ሦስት ፋብሪካ የነበራት እሷው ነበረች፤ ገና በሁለተኛው ዙር «ኧረ ይቀነስልኝ» ስትል ሰማናት። አልቀነስንላትም።