የጋራ ሀብትና የዜጋ ግዴታ

ዜግነት ግለሰብን ከአገሩና ከወገኑ ጋር የሚያስተሳስር፣ መብትንና ግዴታን አጣምሮ የያዘ ግንኙነት ነው። ከግዴታዎቹ መካከል እንደ ግብር መክፈል ያሉት ባለሥልጣን ተከታትሎ የሚያስፈጽማቸው ሲሆኑ፣ የሕዝብን የጋራ ሀብት ከጥፋት መጠበቅን የመሰለው ግን ዜጋው አስገዳጅ ሳይጠብቅ በራሱ ፈቃድ ካልተነሳ በቀር ሳይፈጸም የሚቀር ነው። በናይሮቢ እምብርት የሚገኘው የኡሁሩ ፓርክ ታሪክ የዚህን ሁለተኛ ግዴታ ክብደት በግልጽ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1989 ለገዥው ፓርቲ ጋዜጣ ለኬንያ ታይምስ መሥሪያ ቤት ጭምር የሚሆን ባለ 60 ፎቅ ሕንፃ በፓርኩ ውስጥ ሊሠራ መታቀዱ ሲታወቅ፣ በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን መሥርተው የገጠር ሴቶችን በዛፍ ተከላ ያሰማሩት ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ፣ መናፈሻው የነዋሪው ሁሉ ማረፊያ መሆኑን እየገለጹ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ለዓለም አቀፍ ድርጅቶች ደብዳቤ ጻፉ። አገሪቱ በአንድ ፓርቲ ብቻ ትመራ ስለነበር ተቃውሞው ብዙ አስከፈላቸው፤ የምክር ቤት አባላት ዘለፏቸው፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም አቤቱታቸውን ውድቅ አደረገው። ምክንያቱ በሕግ ቋንቋ የመክሰስ መብት የሚባለው፣ ማለትም ከሳሽ ከሌላው ሕዝብ ተለይቶ በግሉ መጎዳቱን እንዲያሳይ የሚጠይቀው መርሕ ነበር። በዚህ አስተሳሰብ ሁሉንም እኩል የሚጎዳ ጥፋት ከሳሽ ሊያገኝ አይችልም። ይሁን እንጂ ጉዳዩ አደባባይ ወጥቶ ብዙዎችን ስላነጋገረ ገንዘብ ሊያፈሱ የነበሩት የውጭ ባለሀብቶች አፈገፈጉ፤ ዕቅዱም ቀረ።

የኬንያ አዲስ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. ኦገስት 27 ቀን 2010 የታወጀው በዚሁ ፓርክ ነው። አንቀጽ 69 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካላትና ከሌሎች ሰዎች ጋር ተባብሮ አካባቢን እንዲጠብቅ ግዴታ ሲጥልበት፣ አንቀጽ 70 ደግሞ ከሳሹ የደረሰ ጉዳት መኖሩን ማስረዳት ሳያስፈልገው ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ይፈቅድለታል። በ1989 የተነፈገው መብት ግዴታውን አስቀድሞ የተወጣ ዜጋ ስለነበረ ከ21 ዓመት በኋላ ሕግ ሆነ ማለት ያስደፍራል።

ይህ ለኢትዮጵያውያን የሩቅ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 92 መንግሥትና ዜጎች አካባቢያቸውን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለባቸው ሲደነግግ፣ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ሳያሳይ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ በናይሮቢ በጥቂቶች ትከሻ ላይ ወድቆ የነበረው ኃላፊነት በብዙዎች ሲካፈል ይቀላል። ስለዚህ ወንዝ ሲበከል ወይም የሕዝብ መናፈሻ ሲታጠር ያየ ዜጋ ጉዳዩ የሌላ ሰው ነው ብሎ ማለፍ የለበትም፤ በሰላምና በሕግ መንገድ ይጠይቅ፣ መልስ እስኪያገኝም ጥያቄውን አያቋርጥ።