መጽሐፋችን የታተመባት ከተማ

ሮምን ለማየት ዕድሜ ልክ አይበቃም ይላሉ። እኔ የነበረኝ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበር። የተጋበዝኩበት የጥናት ጉባኤ ዓርብ ኔፕልስ ላይ አለቀ፤ ወደ ዋሽንግተን የሚመልሰኝ አውሮፕላን ደግሞ ሰኞ ጠዋት ከሮም ይነሣል። ሁለቱ ቀናት ኮሎሲየም በር ላይ ተሰልፌ እንዲያልቁብኝ አልፈለግሁም። ደብተሬ ላይ አራት አድራሻዎች ጽፌ ነበር። አራቱም እኛን የሚመለከቱ ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ከኔፕልስ አንድ ጥያቄ ይዤ ነበር ባቡር የተሳፈርኩት። ስለ ቀደምት የአማርኛ ልብ ወለድ ያቀረብኩትን ጽሑፍ እንደጨረስኩ አንድ አዛውንት ምሁር በትሕትና እጃቸውን አንሥተው «ይህ ሥነ ጽሑፍ ከአውሮፓ ምን ተበደረ?» አሉኝ። ንጽጽራዊ ሥነ ጽሑፍ ለሚያጠና ሰው ይህ የተለመደ ጥያቄ ነው። የተለመደ መልስ አለው፤ እኔም ሰጠሁ። ያም ሆኖ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ጊዜው ጥቅምት አጋማሽ ነው። አገር ቤት ሰማዩ ይጠራል፣ እሸት ይበላል፤ ሮም ግን ቅጠል ይረግፋል። በቲቤር ወንዝ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ትልልቅ ዛፎች መንገዱን ቢጫ አልብሰውታል። ፀሐዩ ብቻ የአዲስ አበባን የጥቅምት ፀሐይ ይመስላል። ሜዳ ላይ ያቃጥላል፣ ጥላ ውስጥ ሲገቡ ሹራብ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው አድራሻ ከባቡር ከመውረዴ ተቀበለኝ። ከተርሚኒ ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። የመታሰቢያ ሐውልታቸውም ከዚያው አጠገብ ነው። ከሞቱት ስሞች በላይ ከግብፅ የመጣ ጥንታዊ ድንጋይ ቆሞበታል። ሻንጣ የሚጎትተው ሕዝብ ቀና ብሎም አያየው።

በጣቢያው ዙሪያ ባሉ ጎዳናዎች የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። አንዱ ገብቼ ቡና አዘዝኩ። ያቀረበችልኝ ልጅ በሊቢያ በኩል፣ በባሕር የመጣች ናት። «ምን ልታዪ መጣሽ?» አለችኝ። የድሮ መጻሕፍት ታሪክ እንደምከታተል ነገርኳት። «አይ መታደል!» ብላ ሳቀች። «እኔ ሮምን የማውቃት በወረቀት ቢሮዋ ነው።» ሳቋ ክፋት አልነበረበትም። እኔ በሁለት ቀን ፈቃድ የመጣሁ የዩኒቨርሲቲ እንግዳ ነኝ፤ እሷ ግን ነዋሪ ለመሆን ዓመታት የጠበቀች ሰው ናት።

ሁለተኛው አድራሻ የራሴ ብቻ አልነበረም። ሀያትስቪል ውስጥ ምድር ቤታቸውን ያከራዩኝ እትዬ ከመነሣቴ በፊት ደጋግመው አደራ ብለውኛል፦ «ሐውልታችን የነበረበትን ቦታ ፎቶ አንሺልኝ። ባዶውን ማየት እፈልጋለሁ።» ቦታው ፖርታ ካፔና ይባላል፤ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት ነው። 24 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የአክሱም ሐውልት በ1937 ተወስዶ የቆመው እዚያ ነበር። የተመረቀውም በጥቅምት፣ ፋሽስቶች ሥልጣን የያዙበት 15ኛ ዓመት ሲከበር ነው። ጣሊያን በ1947 የሰላም ውል የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ፈረመች። ሐውልቱ በሦስት ተቆርጦ አክሱም የደረሰው ግን በ2005 ነው፤ ተተክሎ የተመረቀው ደግሞ በ2008።

ቦታው ባዶ አልነበረም። ሁለት አጫጭር የጥንት ዓምዶች ቆመውበታል፤ በ2001 በአሜሪካ ለደረሰው የሽብር ጥቃት ሰለባዎች መታሰቢያ ናቸው። ያ ቀን ለእኛ መስከረም 1 ነበር፣ እንቁጣጣሽ። ጥቃቱ ከደረሰባቸው ቦታዎች አንዱ ፔንታጎን ደግሞ እኛ ከምንኖርበት ብዙም አይርቅም። ፎቶውን ስልክላቸው እትዬ ወዲያው ደወሉ። «እንዴ! ሌላ ተክለውበታል?» አሉ። የምን መታሰቢያ እንደሆነ ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «ነፍስ ይማር» አሉ። ቀጥለውም «የኛው ግን ቤቱ ገብቷል፤ ተመስገን» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ከዚያ ሃያ ደቂቃ ያህል በእግር ሄጄ ሦስተኛው አድራሻ ደረስኩ። ጎዳናው የአምባ አራዳም ጎዳና ይባላል። በ1936 የካቲት የራስ ሙሉጌታ ጦር በመድፍና በመርዝ ጋዝ የተመታበት ተራራ ስም ነው። ጣሊያንኛ ከዚያ ስም «አምባራዳን» የሚል ቃል አውጥቷል፤ ትርምስ፣ ውጥንቅጥ ማለት ነው። ኔፕልስ ውስጥ የጉባኤው መርሐ ግብር ሲዛባ አንዲት ወጣት አዘጋጅ በዚሁ ቃል ስትቀልድ ሰምቻለሁ። ቃሉን የሚናገር ሁሉ ተራራውን አያውቅም። ስለ መዋዋስ ስናወራ ይህንን የት እንመድበው ይሆን? የሕዝብ እልቂት የነበረ ስም፣ ተሸክሞት ለሚኖረው ቋንቋ የሳቅ ቃል ሆኗል።

እሑድ ጠዋት ወደ አራተኛው አድራሻ ሄድኩ። የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ ከታላቁ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆኖ ተሰጠ። ተራ ጎብኚ እንደ ልቡ አይገባበትም። ስለዚህ 551 ደረጃ ወጥቼ ከጉልላቱ አናት ቁልቁል ፈለግሁት። ከግዙፉ ሕንፃ ጀርባ፣ ከአትክልቱ አጠገብ፣ ትንሽ ጣሪያ ታየችኝ።

በዚያች ጣሪያ ዙሪያ የሆነውን ላስታውስ። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ቄስ ሮም ውስጥ ኢትዮጵያውያን በማያውቀው ቋንቋ ሲያዜሙ ሰማ። ከአባ ቶማስ ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ፤ በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። ቋንቋውን ግን ከለዳዊ ብሎ ጠራው። ከግራኝ ጦርነት ሸሽቶ በኢየሩሳሌም በኩል የመጣው የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ደግሞ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በ1548 እና 1549 አዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተመ። መጽሐፉ ላይ ለስሕተቶቹ ይቅርታ ጠይቀዋል። አታሚዎቹ ግዕዝ ማንበብ አይችሉም፣ እነሱም ማተም አያውቁም ነበርና። በ1649 የኤርፉርቱ ኢዮብ ሉዶልፍ እዚሁ ከተማ አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው ከዚያ ትውውቅ የተወለደ ነው። ያን ጊዜ ጎርጎርዮስ በሕይወት አልነበረም፤ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል መርከብ ተሰብሮ ከሞተ 40 ዓመት ሆኖታል።

ከጉልላቱ ላይ ሆኜ ያችን ቡና ያቀረበችልኝን ልጅ አሰብኩ። ተስፋ ጽዮንም ከጦርነት የሸሸ ስደተኛ ነበር። ሻንጣ ባይኖረው ቋንቋ ነበረው፤ ያስተማረውም እሱን ነው። አውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋዎች ያወቀችው ሰው ልካ ቆፍራ አይደለም። ደጇ የደረሱ እንግዶች ቁጭ ብለው፣ ፊደል በፊደል አስረዷት።

አድራሻ ልጽፍለት ያልቻልኩት አምስተኛ ነገር ግን አለ። ዛሬ «ጦቢያ» በሚል ስም የምናውቀው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1908 የታተመው እዚሁ ሮም ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው፤ ልብ ወለድ የሚለው የዘርፉ መጠሪያ እንኳ ከርእሱ የተወሰደ ነው። አፈወርቅ ዘጌ ተወልዶ ጣሊያን ሥዕል የተማረ፣ ኔፕልስ ላይ አማርኛ ያስተማረ ሰው ነበር። ወረራው ሲመጣ ግን ከወራሪው ጎን ቆመ፤ «አፈ ቄሣር» ተባለ። ከነጻነት በኋላ በግዞት ጅማ ተልኮ በ1947 እዚያው ዐረፈ። ሐውልቱ ፖርታ ካፔና ሲተከል እሱ የወራሪው ሹም ነበር።

ሮም ላይ ሁለት ዓይነት ሒሳብ አለን፦ የተወሰደብን እና የሰጠነው። የተወሰደብንን እናውቀዋለን፤ እትዬ ሀያትስቪል ሆነው በልባቸው ይቆጥሩታል፣ መቁጠራቸውም ደግ ነው። ሳይቆጠር ቢቀር ኖሮ ሐውልቱ አይመለስም ነበር። የሰጠነውን ግን እኛም ራሳችን ብዙ ጊዜ አንቆጥረውም። የሰጡት ነገር እንዲመለስ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው የሰጪው ስም እንዲጠራ ነው። አባ ቶማስን፣ ተስፋ ጽዮንን፣ ጎርጎርዮስን የምጠራቸው ለዚህ ነው።

አፈወርቅ ከሁለቱም ዓምድ አይገባም። አልተዘረፈም፣ ስጦታም ልለው አልችልም። ሰውየው ራሱ የሰጠንም የወሰደብንም ነው። በጥናቴ ላይ ስለ እሱ የምጽፈው ምዕራፍ ሁለት ዓመት ያዘገየኝም ለዚህ ነው፤ ልብ ወለዳችንን የጀመረውን እጅና ለቄሣር ያጨበጨበውን እጅ ለያይቼ ለማቅረብ እሞክር ነበር። ሮም ውስጥ ከአንዱ አድራሻ ወደ ሌላው በእግሬ ስሄድ ያየሁት፣ ሁሉም በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ መሆኑን ነው። መጽሐፉ የታተመው፣ ሐውልቱ የቆመው፣ ተራራው የጎዳና ስም የሆነው በአንዲት ከተማ ነው። ምዕራፉንም እንደዚያው፣ ሳልለያይ ልጽፈው ወስኛለሁ።

ያ አዛውንት ምሁር የጠየቁኝም መልስ አለው። የአማርኛ ልብ ወለድ ከአውሮፓ ተበድሯል፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ዳግመኛ ስጠየቅ ግን ንግግሬን ከ1908 አልጀምርም። ከ1513 እጀምራለሁ፤ አንድ የኮሎኝ ቄስ ሮም ውስጥ ከአባ ቶማስ ፊት ቁጭ ብሎ «ሀ» ሲል።